የዘር ዱባ

«ያ የትኛው ዱባ ልጣጭ ነው?» አለች ሙሉመቤት፣ ከሐዘን ፍራሿ ላይ ቀና ብላ።

አንዲት ጎረቤት ሳፋ ሙሉ ልጣጭ ይዛ በበሩ ስታልፍ አይታለች። አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ዥንጉርጉር ያለበት። እንዲህ ያለ ዱባ አትክልት ተራ አይራገፍም።

«ምን አስጨነቀሽ? አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻት ቃሊ፣ የሟች ባሏ የዘውገ እህት። «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ያገር ቤት ሰውም መጥቷል። ለጾም ወጥ ይሆናላ።»

ሙሉመቤት ክው አለች። ማድቤቱ ጣራ ላይ የቀረችው ዱባ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የዘር ናት። ዘሩን ከጉራጌ አገር በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡት የዘውገ እናት ናቸው። ዘንድሮ ጢንዚዛው ቅጠሉን ወንፊት አደረገው፤ ዝንቡም ጨቅላ ጨቅላውን ፍሬ እየወጋ አበሰበሰው። ከሐረጉ ሁሉ የተረፈችው ይቺ ነበረች። እሷ ከሄደች ዘሩም አለቀ ማለት ነው።

ዘውገ ደግሞ ዱባ ከተባለ ሰው አይሰማም ነበር! ሶማሌ ተራ ሄዶ ሱቁን ሳይከፍት በፊት ጣራ ላይ ነው። ጢንዚዛውን በእጁ እየለቀመ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይጨምራል፣ ቅጠሉ ላይ አመድ ይነሰንሳል። መርካቶ ውስጥ ንብ ከየት ይመጣል? ወንዴውን አበባ ቀንጥሶ ከሴቴዋ ጋር የሚያገናኘው ራሱ ነው። «እኔ ሚዜ ነኝ» ይላል እየሳቀ። ይቺን ዱባማ ገና እንቁላል ስታክል ዝንብ እንዳይደርስባት ጠቀለላት። በምን? ሙሉመቤት ሸማ ተራ ለዓመት በዓል ባሠራችው ነጠላ ቁራጭ!

«እኔን እንኳ እንዲህ ጠቅልለኸኝ አታውቅም» ብላ ስንት ቀን አኮረፈችው። አሁን ያ ኩርፊያ አንገበገባት።

ብድግ አለች። «ኧረ ሰው ምን ይላል!» እያለች ቃሊ ቀሚሷን ብትይዛትም አላቆመቻትም። ለቀስተኛው ጉርምርም አለ። «ልቀቋት፣ ሐዘኑ ይውጣላት» አለ ጎረቤታቸው ሽኩር፣ እግሩን ሰብስቦ እያሳለፋት።

ማድቤት ውስጥ የእድሩን ወጥ የሚመሩት አዛውንት፣ እቴቴ፣ ድስቱን ያማስላሉ። ዱባዋ ተከትፋ ገብታለች።

«እቴቴ፣ ክሩን አላዩትም? ቀይ ክር አስሮባት ነበር እኮ።»

«አየሁት ልጄ። ለቡዳ ያሰረው መስሎኝ ፈታሁት። በእጁ ያበቀላትን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ይቅመስለት ብዬ ነው። ምነው፣ አጠፋሁ?»

«ለዘር ነበረች። ጥፍር አልበሳት እስኪል፣ ከሐረጉ የያዛት እንጨትም እስኪደርቅ ማንም አይንካት ብሎ ነበር።»

ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። «ማርያም ድረሽ! የዘውገን አደራ በላሁ? ይቺን እጄን ይቁረጣት!» ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከዚህ ምድጃ ሥር አልተነሡም፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል።

ሙሉመቤት የቆሻሻውን ባልዲ ሳበችና የዱባዋን ሆድዕቃ በእጇ ዘገነች። አንዱን ፍሬ ፈልቅቃ በጥፍሯ ጫን አለችው። ጭፍልቅ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሌላ አነሣች፤ እሱም ባዶ ነው። ከሥር ቆፍራ ያወጣችውም ውሃ ብቻ ነበር።

«እህ?» አሉ እቴቴ። «ደርሷል?»

ሙሉመቤት ቀና ብላ አየቻቸው። እጃቸው ገና ደረታቸው ላይ ነው።

«ደርሷል እቴቴ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ፍሬው ሙሉ ነው፣ አይጨነቁ።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አሉና እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ወደ ድስታቸው ዞሩ። ሙሉመቤት ከግድግዳው ሰፌድ አወረደች። ባዶውን ፍሬ በንጹሕ ውሃ አጠበችው፤ ከዚያም እንዳይጣበቅ አንድ በአንድ እየለየች እንዲደርቅ አሰጣችው።