ሳታኮርፍ የመጣች ሚስት

ጽናት፣ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ፣ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሥራዋ ስም መጥራት ነው። በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ ትጠራለች፤ ግማሹ ሰው አይሰማም፣ ግማሹ ሳይጠራ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ "የአያትህ ስም ማን ነው?" ሲባል "አያቴ ምን አጠፉ?" ብሎ ይቆጣል። በዚህ ሁሉ ወከባ መሀል ጭኗ ላይ አንድ የተገለጠ መጽሐፍ አይጠፋም። አንዱን ካርድ ሰጥታ ሌላው በሽተኛ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ ሁለት መስመር ታነባለች። ሁለት መስመር ምን ያደርጋል አትበሉ፤ በሁለት ሁለት መስመር ስንት ወፍራም መጽሐፍ ጨርሳለች።

ቤቷም ለንባብ አይመችም። ባሏ እሱባለው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ የሚለጥፍበት ቦታ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጎማው እስኪለጠፍ የሚጠብቅ ሾፌር ሁሉ "እስቲ አንድ ሻይ" እያለ ወደ ቤት ይዘልቃል። ጽናት ወጥ እያማሰለች ታነባለች፣ ወጡ ያርራል፣ እሱባለውም ያረረውን ወጥ ዝም ብሎ ይበላል። ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳታሙት። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሚስቱን በሰው ፊት ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

ኅዳር ሲገባ አለቃዋ ጠርተው "የዓመት ፈቃድሽን ካልወሰድሽ ሊቃጠልብሽ ነው" አሏት። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ባሕር ዳር ሂጂ፣ ሐዋሳ ሂጂ፣ ፎቶ ተነሺ እያሉ ናላዋን አዞሩት። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሾፌር እጅ ያስመጣችውን ወፍራም ልቦለድ ማንም ሳያቋርጣት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

አክስቷ እትዬ አረጋሽ የሚኖሩት መንዝ፣ ከጓሳ ተራራ ሥር ነው። እናትና አባቷ ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እዚያ መብራት የለም፣ ኔትወርክም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሾፌር የለም፣ ሻይ ጠያቂ የለም። ጽናት ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊታያት አልቻለም። እሱባለውም "ሂጂ፣ አረፍ በዪ፤ እኔ ሥራውን ጥዬ የት እሄዳለሁ" አላት። ልቦለዱ ሳይበቃት ቢቀር ብላ ሌሎች መጻሕፍትም ደራርባ፣ ሻንጣዋን ጠቅጥቃ፣ ሁለት መኪና ቀይራ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ገባች።

ስሕተቱ የተጀመረው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ሻንጣዋን የተቀበሏት የጎረቤት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ የሚከብድ ሻንጣ ይዞ ለእንግድነት የሚመጣ የለም፤ ዕቃዋን ጠቅልላ የወጣች ሴት ናት እንጂ። ባሏ አብሯት የለም። ጊዜው ደግሞ የገብስ አጨዳ ነው፤ በአጨዳ ወራት ማን ዘመድ ጥየቃ ይወጣል? ከንፈር ተመጠጠ፣ ራስ ተነቀነቀ፣ ነገሩም እዚያው ተበየነ። ጽናት አኩርፋ መጥታለች።

በዚያ አገር ሚስት ስትቀየም ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ሄዳም በባሏ ላይ አንዲት ቃል አይወጣትም። ጨዋ ሴት በደሏን የምትናገረው ባሏ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ፣ ሽማግሌውም ተቀምጦ ሲጠይቃት ነው። እስከዚያ ድረስ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሏት "ምንም" ትላለች። ጽናትም "ምንም አልሆንኩም" አለች። ምን ትበል ታዲያ? "ዕረፍት ወጥቼ ነው፤ ላነብ ነው የመጣሁት" ስትል ይባሱን አንጀታቸውን በላችው። እንዴት ያለች የቤቷን ጉድ የምትሸፍን ልጅ ናት ተባለላት።

በማግስቱ ከአጫጆቹ ጋር ልትወጣ ማጭድ ብታነሳ እትዬ አረጋሽ ከእጇ ወሰዱባት። "ተይ ልጄ፣ ሆድ የባሳትን ሴት አናሳጭድም" አሏት። እውነቱን ለመናገር ጽናት በዚህስ ደስ አላት። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናዋን ተከናንባ ተቀመጠችና መጽሐፉን ገለጠች። አንድ ምዕራፍ ጨረሰች፣ ማንም አልጠራትም። ሌላ ምዕራፍ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጠዋት ካየች ዘመን የለውም!

ምን ዋጋ አለው፣ ከዚያ አጽናኞቹ መጡ። አንዷ አጠገቧ ቁጭ ብላ "አይዞሽ" ትልና ትተክዛለች። ሌላዋ ከአጨዳ መልስ ጎራ ብላ፣ ባሏ በወጣትነቱ ያደረሰባትን በደል አንድ በአንድ ትተርክላታለች። ጽናት ጣቷን ገጹ መሀል እንደከተተች "እህ" ትላለች፣ "እሱስ አይ" ትላለች፣ ልቧ ግን ታሪኩ ላይ ነው። "ጸሎት ነው የምታደርሺው?" ብለው የሚጠይቋት አሉ። ልቦለድ ነው ስትላቸው "ግድ የለም፣ የሚያጽናና ከሆነ" ብለው ይበልጥ ተጠግተው ይቀመጣሉ። ኧረ እናንተ ሰዎች! ደግነት እንዲህ የሚያንገበግብ ነገር መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ምርር ሲላት አንድ ቀን መጽሐፏን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ጓሳው ሽቅብ ወጣች። ነፋሱ ገጹን እየገለበጠ አላስነብብ አላት፤ እጇ በብርድ ደነዘዘ። ነፋስ የማይደርስበት ብላ ከገደሉ አፋፍ ወረድ ያለች ቋጥኝ ጥግ አግኝታ ገና እግሯን ስትዘረጋ፣ አጫጆቹ ማሳውን ጥለው እየጮኹ ሲሮጡ አየች። እሷን ብለው ነው። ያዘነች ሴት ብቻዋን ገደል አፋፍ ምን ትሠራለች? ግራና ቀኝ እጇን ይዘው አወረዷት። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ የሚከተላት ሰው አልጠፋም።

እትዬ አረጋሽም ያን ዕለት ወደ ጉብታው ወጥተው ኔትወርክ ፈልገው ለእሱባለው ደወሉ። ምን እንዳሉት አልተነገረም፤ ብቻ ሥራውን ጥዬ የት እሄዳለሁ ያለው ሰው ሥራውን ጥሎ መጣ። ስኳርና ቡና ይዟል። መንገድ ላይ የእትዬ አረጋሽን የንስሐ አባት አባ ዓምደ ሚካኤልን፣ እንዲሁም የድንበርና የበግ ጠብ ሲዳኙ የኖሩትን ጋሽ ወዳጆን ለምኖ አስከትሏል። ጽናት ግቢው ውስጥ ስታየው ደነገጠች።

"ምን ሆነህ መጣህ?" አለችው ዝግ ባለ ድምፅ።

"አክስትሽ ደውለው ነዋ። ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም።"

"እንዲህ ስትዪ ነው የምፈራው" አለ። እውነትም ፊቱ ገርጥቷል።

ጽናት ሁሉንም ለማስረዳት አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ማን ሊሰማ! ታሪኩ ደግሞ ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ነው የቆመባት፤ ቶሎ ተቀምጠው ቶሎ ቢነሱላት ከመምሸቱ በፊት ልትጨርሰው ትችላለች። እሺ ብላ ገብታ ተቀመጠች።

አባ ዓምደ ሚካኤል ጸሎት አደረሱና ወደ እሷ ዞሩ። "በይ ልጄ፣ በደልሽን ተናገሪ።"

"በደል የለኝም አባ።"

ጋሽ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በደል ከሌለማ ምን ብለን እናስታርቅ? ካልታረቅሽስ እንዴት ብለሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ?"

"በመኪና" ልትል ፈልጋ ምራቋን ዋጠች።

"ይመታሻል?" አሉ አባ።

"ኧረ በጭራሽ!"

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም።"

"ሌላ ሴት ጋ…"

"አባ!" አለ እሱባለው ብድግ ብሎ።

"ተቀመጥ አንተ፣ ተራህ አልደረሰም" አሉት ጋሽ ወዳጆ።

ጽናት እንዲያልፍላት ትንሽ ነገር ፈጥራ ለመናገር ቆረጠች። ያመሻል ልትል ነበር። ወይም ልብሱን የትም ይጥላል። ይህን የመሰለ፣ ማንንም የማይጎዳ፣ ይቅርታ የሚባልበት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ምን እያነበብሽ ነው ብሎኝ አያውቅም።"

ራሷም ደነገጠች። እንዲህ ያለ ነገር ሆዷ ውስጥ መኖሩን አታውቅም ነበር። ከጀመረች ደግሞ ማቆም አቃታት። "ጨረስኩት ስለው 'ጎበዝ' ይለኛል፤ በቃ። ሳለቅስ አይቶ ሽንኩርት ነው ብሎ ያልፋል። ስስቅም አይቶኝ ያልፋል። ባል አለኝ፣ የማወራው ሰው ግን የለኝም።"

ጋሽ ወዳጆ በዚህ ዕድሜያቸው ብዙ አቤቱታ ሰምተዋል፤ ለዚህኛው ካሳው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቁት የለም። እሱባለው ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰና ሳቅ አለ። "ይኼ ነው? እኔ እኮ ሌላ መስሎኝ!"

"ከሆነማ ቀላል ነው" አሉ አባ ዓምደ ሚካኤል። "አሁኑኑ ጠይቃት። እኛም ምስክር እንሁን።"

እሱባለው ወደ ሚስቱ ዞሮ ጉልበቱ ላይ እጁን አሳረፈ። "እሺ፤ ምንድን ነው የምታነቢው?"

ጽናት አየችው። ምናልባት አለች በልቧ። ምናልባት እኮ እስከ ዛሬ ጠይቅ ያለው ሰው ስለሌለ ይሆናል። ባናዋን ሰብሰብ አድርጋ ጀመረች።

"በጦር ሜዳ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት አንድ ሰው አለ። አልሞተም፤ ተማርኮ ነው። በሰባተኛው ዓመት አምልጦ አገሩ ሲደርስ የገዛ ተዝካሩ ተደግሶ ያገኛል።"

"እግዚኦ!" አሉ አባ። "የሰባት ዓመቱን መሆኑ ነው።"

"አዎ። ማንም አላወቀውም፤ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል። ከነዳያን ጋር ተሰልፎ ተቀመጠና የገዛ ተዝካሩን በላ።"

"በላ?" አሉ ጋሽ ወዳጆ ወደፊት ተስበው። "መሬቱንስ ማን ይዞታል?"

"ወንድሙ።"

"አላልኳችሁም!" ማንም ምንም አላላቸውም፣ እሳቸውም ያሉት ነገር አልነበረም፤ ጭናቸውን ግን በጥፊ አጮሉት።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ፍትሐቱ ተደርጎለታል?" አሉ አባ ተጨንቀው። "በሕይወት ላለ ሰው የተደረገ ፍትሐት እንግዲህ… ከዚያስ?"

"ሚስቱ ጠላ ለነዳያኑ እየቀዳች ነው። በየተራ እየሰጠች መጥታ አጠገቡ ደርሳለች። እሱ አቀርቅሯል። ቀና ብሎ ይያት፣ አይያት፣ ጨንቆታል።" የጽናት ፊት በርቶ ነበር። እትዬ አረጋሽ እንኳ ማድቤቱን ትተው በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ይህን ሁሉ ግን የምትናገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ወደ እሱ ዞረች።

እሱባለው ስልኩን እያየ ነው። ከጎማ ደንበኛ መልእክት ገብቶለታል መሰለኝ፣ በአውራ ጣቱ መልስ እየጻፈ ነው። ዝም ሲሉ ቀና አለና ፈገግ አለ፤ ደግ ፈገግታ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም።

"ጥሩ ታሪክ ነው፣ ጎበዝ" አለ። "ይኸው ጠየቅኩ አይደል? በሉ እንግዲህ ተነሱ፣ መኪናው ሳያመልጠን።"

ሽማግሌዎቹ አልተነሱም። አባ ዓምደ ሚካኤል መስቀላቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት አዩ። ጽናት የተናደደች አትመስልም። ስም ስትጠራ በምትናገርበት በዚያው ድምፅ ተናገረች።

"አባ፣ እስከ ዛሬ አላኮረፍኩም ነበር። ሰው አይሰማኝም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን አኩርፌያለሁ። አልሄድም።"

እሱባለው ግራ ገባው። ሽማግሌዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ የያዘውን ስልክ አየና ኪሱ ከተተው። ለመናገር ሞከረ፣ ጋሽ ወዳጆ ክንዱን ይዘው አወጡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሽማግሌ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተብሎ ተቀጠረ።

ጽናት ካለችበት አልተነቃነቀችም። በግድግዳው በኩል የውጪው ንግግር ይሰማል። እሱባለው ድምፁ ተሰብሮ "አባ፣ በእግዚአብሔር፣ ምን አጠፋሁ? ጠይቅ አላችሁኝ፣ ጠየቅኩ" ይላል። አባ ምን እንደመለሱለት አልተሰማም። ቀጥሎ ግን የእሱባለው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"እሺ፣ ነገ ስመጣ ምን ብዬ ልጠይቃት?"

የምሩን ነው፤ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው። እትዬ አረጋሽ ሮጠው አቀፏት። "አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ። ወይ ጥሩልኝ በዪና ራስሽ ንገሪው፣ ደጅ ነው ያለው።"

ጽናት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

"የሚጠይቀኝንም እኔ ልንገረው እትዬ?" አለች።