መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍ

በሦስት መቶ አስራ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የግንቡ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ወረቀት አልነበረውም። ኑርሁሴን ገጹን ገለበጠና የኋላ ካርቶኑን አየ፤ መልሶ ገለበጠ። ግራ እግሩ በጄሶ ታስሮ አልጋው ላይ የተጋደመው ሙነወር ክንዱን ተመርኩዞ ቀና አለ።

«ምነው ቆምክ?»

«የለም፤ ተገንጥሏል።»

ሙነወር መጽሐፉን ተቀብሎ የተገነጠለውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ክሩ ላይ የተረፈው ጠርዝ ሰባት ስምንት ቅጠል እንደጎደለ ይመሰክራል። የፊት ሽፋንም የለውም፤ የኑርሁሴን ልጅ መስኡዳ ደሴ ላይ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ገዝታ ስታመጣለት እንዲሁ ራቁቱን ነበር። ርዕሱን እንኳ አያውቁትም። ሙነወር ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ በሩ ይከፈት አይከፈት ሳናውቅ ልንቀር ነው ማለት ነው ብሎ አጉረመረመ። ሁለቱ ሰዎች ከዚህ መጽሐፍ ሌላ የሚነጋገሩበት ነገር አልነበራቸውም።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሐይቁ ውስጥ አብረው ዋኝተው፣ አንድ ቁርአን ቤት ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ኑርሁሴን ከውሃው ሳይርቅ ዓሣ አስጋሪ ሆነ፤ ሙነወር ከሐይቅ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ በተቃረበ ዕለት፣ ሰው ሁሉ የያዘውን ይዞ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ ኑርሁሴን ከሚስቱ ከአሪፋና ከመስኡዳ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆሞ ያችን የሚያውቃትን የሙነወርን ነጭ ሚኒባስ አየ። ሁለት እጁን አነሳ። መኪናዋ ፍጥነቷን እንኳ አልቀነሰችም። ደሴ የገቡት በማግስቱ፣ በእግራቸው ነው። ሰላም ወርዶ ሁሉም ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ሙነወር ሊያስታርቋቸው ለተቀመጡ ሽማግሌዎች መኪናው ሙሉ እንደነበር ተናገረ። ኑርሁሴን አልተከራከረም። ሰላምታውን ብቻ አቋረጠ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው።

ከዚያ ወዲህ በር ጓ ሲል የሚደነግጥ፣ መረብ ሲፈታ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆኖ ነበር። መስኡዳ መጽሐፉን ያመጣችለት አባቷ ማንበብ እንደሚወድ ስለምታውቅ እንጂ ስለ ምን እንደሚያወራ ሳታይ ነው። የመጽሐፉ ታሪክ የሚሆነው ስሙ በማይታወቅ አገር ነው። ጉሙ አይገለጥም። ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ደወሉ ማንም ሳይስበው ይደውላል፤ የብረት ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች በክረምት ከመቃብራቸው ይነሳሉ። ኑርሁሴን ጀርባው እየቀዘቀዘ፣ ምራቁ እየደረቀ ያነባል። ታዲያ አንድ ቀን ልብ ብሎ ቢያይ፣ መጽሐፉን የያዘው እጁ አይንቀጠቀጥም። ፍርሃቱ እሱ ሲከፍተው ይከፈታል፣ እሱ ሲዘጋው ይዘጋል። አሪፋ ግን ነገሩ አልገባትም። ሰው ከፍርሃት ይሸሻል እንጂ ፍርሃት ገዝቶ ቤቱ ያስገባል ወይ ብላ ትገረማለች። ማስረዳት አቅቶት ይስቃል።

ሙነወር ቆርቆሮ ሲቀይር ከጣሪያ ወድቆ እግሩ መሰበሩ የተሰማ ጊዜም ሂድና ጠይቀው ያለችው አሪፋ ናት። ለሱ ብለህ ባይሆን ለአላህ ብለህ ሂድ አለችው። ሄደ። አላህ ያሽርህ አለና ተቀመጠ። የሙነወር ሚስት ዙለይሃ ሻይ አምጥታ ሁለቱንም አየት አድርጋ ወጣች። ዝምታው ሲከብደው ኑርሁሴን በብብቱ የያዘውን መጽሐፍ አውጥቶ ለራሱ ማንበብ ጀመረ። ሙነወር ትንሽ ታገሠና ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ስለ ሙታን ነው አለው። «ጮክ በል እስኪ» አለ ሙነወር።

ያ ቀን ሲሄድ ሲሄድ ሰባት ሳምንት ሆነ። ከአስር ሶላት በኋላ ኑርሁሴን ይመጣል፤ ሙነወር አዑዙ ቢላህ እያለ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይስብና፣ ኑርሁሴን ያቆመ እንደሆነ ቀጥል ይላል። በመካከላቸው አንድ ቀን ብቻ አስቸጋሪ ሆነ። የሙታኑ ጦር የመጣ ሌሊት የግንቡ በር ጠባቂ ፈርቶ የገዛ አገሩን ሰዎች ውጭ እንዳሉ ቆለፈባቸው የሚለው ምዕራፍ የተነበበ ቀን ነው። ኑርሁሴን ያን ምዕራፍ ቀና ሳይል፣ እንደሚሮጥ ሰው አነበበው። ሙነወር ውሃ ለመነና ብርጭቆውን ሳይቀምሰው በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በኋላ በር ጠባቂው ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ግንቡ ውስጥ ብቻውን ኖረ። አሁን ደግሞ በሩ ተንኳኳ፤ ወረቀቱም አለቀ።

በማግስቱ ኑርሁሴን ጎህ ሲቀድ መረቡን አወጣ፣ ዓሣውን አስረከበ፣ ልብሱን ለወጠና ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ይህን የመከረችው መስኡዳ ናት፤ ማርያማዊት የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ቤታቸው እንዲህ ባለ መጽሐፍ የተሞላ ነው፣ እሳቸው ዘንድ ከሌለ የትም የለም ብላው ነበር።

ቤታቸውን ከመናኸሪያው ጀርባ አገኘው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። የመጣበትን ሲነግራቸው መጽሐፉን አልተቀበሉትም፤ የመጀመሪያውን መስመር እንዲያነብላቸው ብቻ ጠየቁት። ግማሽ ሳይደርስ ራሳቸው በቃላቸው ጨረሱለትና ተነሥተው ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ በጋዜጣ የተለበጠ ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። ኑርሁሴን ሙሉውን መጽሐፍ ሲያይ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ አለው።

እሳቸውም እንግዳ አግኝተው ኖሮ ቶሎ አልለቀቁትም። ደወሉን ማን ይደውለዋል ብለው እንደሚያስቡ ጠየቁት። የሞተው ንጉሥ ራሱ ነው አለ። የለም፣ የንጉሡ እናት ናት አሉና ማስረጃቸውን ከነገጹ ነገሩት። እሱም ድፍረት መጣለትና፣ ስንት ቁም ነገር ያስተማሩ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደወደዱት ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ፍርሃት መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅም ነበር» አሉ። «የዚህ ቢያንስ ገጹ ይቆጠራል።»

ቀጥለው፣ መጨረሻውን በአፌ ልንገርዎት ወይስ ይዘውት ይሄዳሉ አሉት። ኑርሁሴን ንገሩኝ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። እነዚያ ሦስት ምቶች ሌሊቱን ሁሉ ጆሮው ውስጥ ሲያንኳኩበት ነበር ያደሩት።

«ይዤው ልሂድ» አለ። «ከጓደኛዬ ጋር ነው የጀመርኩት።»

ጓደኛዬ የሚለውን ቃል አራት ዓመት በአፉ አላነሳውም ነበር። ሳይጠራው ራሱ መጣ። መምህርቷ ምንም ሳያውቁ መጽሐፉን አስታቀፉትና ሲጨርሱ የደወሉን ጉዳይ መጥተው ይንገሩኝ አሉት።

ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ነፋሱ ጭኑ ላይ ያለውን መጽሐፍ ይገልጠዋል፤ እሱ በመዳፉ ይከድነዋል። አንዴ ሦስት መቶ አስራ ሦስት የሚለውን ቁጥር አየና ዓይኑን ወደ ውጭ አዞረ። የአምባሰል ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። የመጽሐፉን ግንብ አንሥቶ ገደሉ አናት ላይ አስቀመጠው፤ ፈረሰኞቹን በጠባቡ መንገድ አወጣቸው፤ ደወሉን ሰቀለው። እንዴት አማረበት! ጸሐፊው ይህን ሳያይ መጻፉ አሳዘነው። ሹፌሩ ክራር ከፍቶ ነበር፤ ከኑርሁሴን ጎን የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ታቅፋ ታንጎላጃለች፤ እሱ ደግሞ ሙታኑን በአምባሰል ገደል ያስወጣል፣ ያወርዳል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ልቡ ደልቶት መንገድ መሄዱ እንደሆነ አላስታወሰም።

ሐይቅ ሲደርስ አስር ሰግዶ በቀጥታ ወደ ሙነወር ቤት ሄደ። ዙለይሃ በር ላይ ተቀበለችውና፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ሙነወር ከአልጋው ወርዶ፣ የታሰረውን እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉን ሲያይ ፊቱ በራ። ኑርሁሴን ተቀምጦ ገጹን ፈለገ፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ» አለ ሙነወር። «ከማንበብህ በፊት።»

ኑርሁሴን ጣቱን ገጹ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ሙነወር ወደሱ አላየም፤ ወደ ጄሶው ነው የሚያየው።

«መኪናው ሙሉ አልነበረም።»

ውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ሁለት ወንበር» አለ ኑርሁሴን። «ከኋላ። አይቻለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ምን ልበል? አሪፋ የእግሯ ጥፍር ወልቆ ነው ደሴ የገባችው።»

ሙነወር ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ። ብቆም መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይሰፍርብኛል፣ መኪናው አይነሳም፣ ልጆቼን አስፈጃለሁ ብሎ እንዳሰበ፣ እጁ መሪው ላይ ደርቆ እንደቀረ፣ በመስታወቱ አሪፋን ቆማ እንዳያት፣ እሷንም እስከ ዛሬ በዚያ መስታወት ውስጥ እንደሚያያት። ስሻል ቤታችሁ መጥቼ እሷን ራሷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለ።

ኑርሁሴን ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ መረብ ሲጥል ስንቴ ለውሃው ተናግሮታል። አሁን ሲፈልገው አጣው። ንዴቱ አልጠፋም። ግን ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አልተሸከመውም።

«ጠይቃት» አለ በመጨረሻ። «ላንብብ?»

«አንብብ።»

አነበበ። በር ጠባቂው ማነህ ብሎ ሲጮህ የሚመልስ የለም። ቁልፉን ከአንገቱ ፈታ፤ ዝገቱ እጁን አቆሰለው፤ በሩን ለመግፋት ግማሽ ሌሊት ፈጀበት። ከውጭ ጉሙ ውስጥ፣ ጭቃው ላይ፣ አንዲት ሴት ቆማለች። አልወቀሰችውም፤ ስሙንም አልጠራችም። ውሃ ብቻ ለመነችው። ወደ ጉድጓዱ ወረደና ቀዳ፤ ማሰሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ፤ እጆቿን ዘረጋች። መጽሐፉ እዚህ ላይ፣ ማሰሮው ከእጅ ወደ እጅ ሊሻገር ሲል አለቀ።

ዙለይሃም በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ስትሰማ ኖሯል።

«ሞታለች» አለ ሙነወር።

ኑርሁሴን የሞተ ሰው ውሃ እንደማይጠማው ነገረው። ሙነወር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሙታን ወይን እንደሚጠጡ፣ ያውም በምዕራፍ አራት ንጉሡ ራሱ እንደጠጣ አስታወሰው። ኑርሁሴን ንጉሥ ሌላ ነው አለ። ሙነወር በሞት ንጉሥና ድሃ የለም አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሙነወር እግሩን ረስቶ ሊነሳ ሲል አመመውና ተቀመጠ፣ ተቀምጦም አላቆመም። ዙለይሃ ሴትዮዋ በሕይወት ናት ብላ ወደ ኑርሁሴን አደላች፤ ባሏ ምዕራፍ አራትን ሳትሰማ እንዳትፈርድ ገሠጻት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ገና አልተስማሙም ነበር።

ኑርሁሴን መጽሐፉን በብብቱ አድርጎ ወጣ። ወደ መስጊዱ ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ መስኮቱ ሲከፈት ሰማ።

«ኑርሁሴን! ጭቃ ላይ ነው የቆመችው ይላል። ታዲያ በሕይወት ካለች ዱካዋስ የት አለ?»

ኑርሁሴን መንገዱ መካከል ቆመ። ይህን አላሰበበትም። መጽሐፉን አወጣና በቀረችው ብርሃን የመጨረሻውን ገጽ ፈለገ። ጭቃ ይላል፤ ዱካ ግን... ከላይ ጀመረና በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ከኋላው የመጣ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋበት። ወደ ዳር ፈቀቅ አለ እንጂ ዓይኑን ከገጹ አላነሳም።