የዘይቱና ኪኒን

ሀይፋ መድኃኒት የሚመረምረው ማሽን ፊት ቁጭ ብላ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝም ብሎ እንዲተኛ ዱዓ እያደረገች ነው። በቃ ምንም እንዳይወጣ። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ጠመኔ ይሁን፣ የበቆሎ ዱቄት ይሁን፣ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ መድኃኒት እንዳይሆን።

መስመሩ ተኝቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዛ ቀና አለ። ቀና ብሎም አልቀረም፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ሹል ያለ፣ ምንም ያልተንጋደደ፣ በጣም የሚያምር ተራራ ሆነና ወረደ። ጠዋት ንጹሁን መድኃኒት፣ እነሱ ስታንዳርድ የሚሉትን፣ ስታስገባ የወጣው ራሱ ነው። እዛው ቦታ፣ በዛው ቁመት። ሁለቱን ስትደራርባቸው አንድ መስመር ሆኑ።

ጓንቷን አወለቀች። መልሳ አጠለቀች።

ኪኒኑ የእናቷ የዘይቱና ነው። ዘይቱና የደም ካንሰር አለባት፣ ግን እኮ በዚህ ኪኒን ደህና ነበረች፣ ሱቅ ትውላለች፣ ከደንበኛ ጋር ትነታረካለች፣ ሰርግ ቤት ከሙሽራዋ እናት በላይ የምታጨበጭበው እሷ ናት። ክረምት ላይ ሆስፒታሉ መድኃኒቱ አለቀበትና አባቷ ጀይሉ ከውጭ በሻንጣ ዕቃ ከሚያመጣ ልጅ ገዛ። ከዛ ወዲህ የደም ምርመራዋ እየተበላሸ መጣ። ሐኪሙ «ወይ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው፣ ወይ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል» አላቸው። ፎርጅድ ከሆነ ትክክለኛውን ፈልጎ መቀጠል ነው። «ከለመደው ግን ሌላ የምሰጣት...» አለና እስክሪብቶውን ሊከድን ሞከረ። ክዳኑ እንቢ አለው። ሦስቱም ክዳኑን ነበር የሚያዩት።

ከዛን ቀን ጀምሮ እቤት ሁሉም ሰው ፎርጅድ እንዲሆንላቸው ነው የሚለምነው። ዘይቱና ራሷ ኪኒኗን በውሃ እየዋጠች «ይሄ ሌባ» ትለዋለች፣ እየሳቀች። ተስፋቸው በሙሉ እዛ ላይ ተንጠልጥሏል።

የሀይፋ ሥራ ደግሞ ይሄው ነው፤ ቤቴል ባለ ላብራቶሪ መድኃኒት ትመረምራለች። ቅዳሜ ማሽኑ ሥራ ፈት ስለሚሆን አለቃዋን አስፈቅዳ ነው የገባችው።

«አለፈ አይደል?» አለ ሰብስቤ ከኋላዋ። አብሯት ነው የሚሠራው፣ ቅዳሜም እዛው ነው፣ ቤት የለውም ወይ እስኪባል።

«አልፏል።»

«ታዲያ ምነው ማሽኑ ከነባለቤቱ የሞተብሽ መሰልሽ?»

«ስህተት አለ። ድጋሚ እሠራዋለሁ።»

«ያለፈ ሳምፕል ድጋሚ የሚሠራ ሰው ዛሬ አየሁ። ሀይፊ፣ ምሳ ብዪ ይሻልሻል።»

እውነቱን ነው። አንድ መድኃኒት ሲወድቅባቸው ይበጣበጣሉ፤ ማን መዘነ፣ ሚዛኑ መቼ ተስተካከለ፣ ብልቃጡ ታጥቦ ነበር ወይ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ሲያልፍ ግን ይፈረምና ይኬዳል። ለምን ጥሩ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው በዛ ክፍል ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ሀይፋ ጠየቀች። ምናልባት ብልቃጦቹን አቀያይራ፣ የእናቷን ነው ብላ ስታንዳርዱን ሁለቴ አስገብታው ይሆናል፤ አዲስ ሰው ሁሌ የሚሠራት ስህተት ናት። እንደዛ ብትሆን ደስታዋን አትችለውም። ትሪውን ስባ አወጣችው። ብልቃጦቹ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ቁጭ ብለዋል።

«እሺ፣ አንተ ሥራልኝ» አለችው። «የኔ እጅ አይግባበት።»

«ምንድነው እንደዚህ ያደረገሽ? የማን ነው ኪኒኑ?»

«የእማ ነው።»

ሰብስቤ ጓንት አጠለቀ። ከዛ በኋላ ቀልድ የሚባል ነገር ከሱ አልወጣም። ኪኒኑን ፈጨ፣ መዘነ፣ አሟሟ፣ አጣራ፣ ለራሱ ሰርተፍኬት የሚሠራ ይመስል ቀስ እያለ። ተራራው ድጋሚ ወጣ። ያው ራሱ።

«ላይሟሟ ይችላል እኮ» አለች። ድምጿ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። «መድኃኒቱ ውስጡ ኖሮ ሆዷ ውስጥ ሳይሟሟ እየወጣ ቢሆንስ? ያጋጥማል አይደል?»

«ያጋጥማል» አለ፣ አይኗን ሳያይ።

የሰው ሆድ ያህል የሞቀና እንደ ሆድ ኮምጠጥ ያለ ውሃ ያለበት ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ኪኒን ለቀቁ። ማማሰያው ቀስ ብሎ ይዞራል። ሀይፋ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ አትሟሚ፣ ድንጋይ ሁኚ፣ እባክሽ፣ እያለች ታያታለች። ኪኒኗ ጠርዟ ለስለስ አለ። ከዛ እንደ ጭስ ነገር ለቀቀች። ከዛ በቃ፣ የለችም። ውሃው ብቻ ነው የሚዞረው።

ሰብስቤ ማማሰያውን አጠፋው። «ታክሲ ልሸኝሽ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች፣ እንቢ ለማለት።

ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ኮልፌ፣ ሁለቱንም ታክሲ እንዴት እንደተሳፈረች አታውቅም። ፎርጅድ ነው ብላ ብትዋሽስ? አባቷ ትክክለኛውን ኪኒን ሊገዛበት የመጋረጃ ሱቁን ለጎረቤቱ ለወይዘሮ ተሻለች ለመሸጥ ተስማምቷል፣ የምርመራውን ወሬ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ይሸጠዋል፣ ባሕር ማዶ ድረስ ያፈላልጋል፣ ያንኑ ኪኒን በሌላ እሽግ ያመጣላታል። ዘይቱናም ትውጠዋለች። ግን ደግሞ ለትንሽ ጊዜ ሁሉም እቤት ውስጥ ይስቃል። ትንሽ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ረዳቱ «ወራጅ የለም?» ሲል አላወቀችም፣ ፌርማታዋን አልፋ ነው የወረደችው።

ጀይሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳያት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አስገባት። ከሲቷል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«ተናገሪ። ያን ኪኒኑን የሸጠልኝን የሻንጣ ልጅ፣ ለሊሳን፣ ሰው ፊት ሚስቴን ገደልካት ብዬዋለሁ። ፎርጅድ ነው አይደል?»

«አባ፣ ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልስማ።»

ልትዋሽ ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንደ ልጁ ሳይሆን ምርመራ እንደሚያውቅ ሰው ነበር የሚያያት።

«መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው። ሦስቴ አየሁት። ምንም አልጎደለውም።»

ጀይሉ ጣቃዎቹ ላይ ቁጭ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ፊቱ በራ። ስንት ወር ተሸክሞት የከረመው ነገር ከትከሻው ላይ ሲወርድ ታየ። «እኔ አይደለሁማ። በእጄ መርዝ አላመጣሁላትም። ያ ምስኪን ልጅ፣ ምን ሁሉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር በለኝ ልበለው።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ቁጥሩን ፈለገ፣ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ወደ ሀይፋ ዞሮ ፈገግ አለላት። ሀይፋ ፈገግታውን ለመመለስ ሞከረች፣ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ስልኩ ይጠራል። ጀይሉ እያያት ነው።

«ጥሩ ከሆነ ታዲያ...» አለ። ቀስ ብሎ። «ታዲያ እናትሽ ለምን...»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፣ ማንሳቱን የረሳው ይመስል፣ አይኖቹ ግን ከሥሩ ሄደዋል።

«ሄሎ?» አለ ስልኩ ውስጥ ለሊሳ። «ጋሽ ጀይሉ? ሄሎ? አይሰማም... ጋሽ ጀይሉ?»