የሰገነቱ ወለል

ወለል ሠሪው ያን ጠዋት ከታናሽ ወንድሙ ጋር በሊፍት ሲወጣ፣ ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ውስጥ የቆሙትን ሁለት ሰዎች ላለማየት ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። አንዱ ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ሌላው ቫርኒሽ የደረቀበት ሱሪ ለብሶ ጣሳ ተሸክሟል። ባዕድ ቢያያቸው ከአንድ ማኅፀን ወጡ አይልም።

«ጋሼ፣ ጣሳውን ልቀበልህ?» አለ ታናሽየው።

«ሱፍህን ጠብቅ አንተ።»

ታናሽየው ሳቀ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚለው።

ማሙሽ ሦስት ዓመት ከታላቁ ጋር ወለል ሠርቷል። ጉልበቴን አመመኝ፣ አቧራው አፈነኝ ሲል ከርሞ፣ አንድ ቀን ብሩሹን ወርውሮ ቤት አሻሻጭ ድርጅት ገባ። ታላቁ «ደላላ ሆነልን» እያለ መሳቂያ አደረገው። የኋላ ኋላ ግን ማሙሽ መኪና ገዛ፣ የእናታቸውን ጥርስ አስተከለ፣ የእናታቸውን ሳሎን ቀለም አስቀባ። ያን ጊዜ የታላቁ ሳቅ ቀረ።

ሕንጻው አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ዳር የቆመ የጥንት የክር መጋዘን ነው። ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ ፊቱን መንካት፣ መስኮቱን መቀየር ክልክል ነው። ውስጡ ግን ታድሶ አፓርታማ ሆኗል። የላይኛው፣ ጣሪያው ሥር ያለው ሰገነት፣ ለሽያጭ ቀርቧል።

ማሙሽ በሩን ከፍቶ አስገባው። ከዳር እዳር አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ቀይ ሸክላ ግድግዳ፣ ጥቁር የብረት ምሰሶ፣ በቀጭን ደረጃ የሚወጣበት የመኝታ ቆጥ። በሩ ትይዩ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስኮት አለ፤ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል። ወለል ሠሪው ባለፈው ሳምንት ፓርኬውን ልጎ የመጀመሪያውን ቫርኒሽ ሲቀባ ይህን ሁሉ አይቶታል። ቢሆንም ዛሬም እንደ አዲስ ቆሞ አየው።

«የቀረው የመጨረሻው እጅ ነው» አለ ማሙሽ። «ገዢዋ አሥር ሰዓት ትመጣለች፤ የጥርስ ሐኪም ናት። ይደርቃል አይደል?»

«እኔ የቀባሁት መቼ ሳይደርቅ ቀረ?»

«እሱማ! ለዚህ እኮ ነው ሌላ ሰው አላምጣ ያልኩት። ጋሼ፣ ይህን ከሸጥኩ የቅርንጫፉ ኃላፊ ያደርጉኛል፤ ካልሆነልኝ ቦታውን ያ መነጽራሙ ባልደረባዬ ይወስደዋል።» ከዚያ ሊወጣ ዞሮ፣ በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፈገግ አለ። «እማዬን ቅዳሜ አምጥቼ አሳየኋት። እመስኮቱ ጋ ቆማ አለቀሰች ብልህ ታምናለህ? ‹ልጄ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚውለው?› አለች።»

«አምስት ፎቅ ወጣች? ጉልበቷስ?»

«ሊፍት አለ እኮ!»

በሩ ተዘጋ። ወለል ሠሪው ጃኬቱን አውልቆ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለ፤ ስልኩ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ጣሳውን ከፈተ፣ ቫርኒሹን በእንጨት አማሰለ፣ ተንበረከከ፣ መቀባት ጀመረ።

ሃያ ሁለት ዓመት ወለል ሠርቷል። የባንክ ወለል፣ የሆቴል ወለል፣ ሙሽሮች የሚጨፍሩበት አዳራሽ ወለል። እናቱ አንዱንም አላየችም። ና ብሎ ሲጠራት «ጉልበቴን፣ ልጄ» ትለዋለች፤ እሱም እውነት ነው ብሎ ይተዋታል። ለካ ጉልበቷ ሰው ይመርጣል። «ሊፍት አለ እኮ!» ሆቴሉም እኮ ሊፍት ነበረው! እያንዳንዱን ፓርኬ በቀባ ቁጥር አንድ መልስ ይሰጣት ነበር፤ በተለይ ስለ ጥርሱ። መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማን ወሰዳት? ማን ወንበር ላይ አስቀምጦ እጇን ያዘ? እሷ ግን ለጎረቤት ጥርሷን እያሳየች «የማሙሽ ናቸው» ነው የምትለው። እንዲህ ሲሟገት፣ ሲረታ፣ እንደገና ሲሟገት ጀርባው ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ተላተመ።

መስታወት ነው። መስኮቱ።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከፊቱ ያለው ወለል በሙሉ እንደ ውሃ ያብለጨልጫል፤ በሩ ማዶ ነው። ከበሩ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ቀብቶ መጥቷል።

ወለል የሚቀባ ሰው ከውስጥ ጀምሮ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። ይህ በዚህ ሥራ ሀ ሁ ነው። ማሙሽ በገባ በሳምንቱ ይህንኑ ሲሳሳት ማጅራቱን በጥፊ ብሎት ነበር።

«አይ የኔ ነገር» አለ ለራሱ። የጣሳውን ክዳን ገጥሞ ተቀመጠበት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። እስከ አሥር ሰዓት እዚያው መዋል ነው እንግዲህ፤ ከረገጠ እሱ ራሱ የሠራውን ሊያበላሽ ነው።

መጀመሪያ አሳቀው። ቆይቶ ግን ቤቱ ልቡን ይስበው ጀመር። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ቆጡ ስትሄድ ተከተላት። ጠዋት እዚያ ቆጥ ላይ መንቃት ምን ይመስል ይሆን? እሱ የሚነቃው የጎረቤቱ የብረት በር ሲንኳኳ ነው። ያላያትን የጥርስ ሐኪም እንኳ ቀናባት፤ በባዶ እግሯ የሱን ወለል ስትረግጥ፣ ማን ሠራው ሳትል።

ወገቡ ሲደክመው ተነሥቶ የመስኮቱን መቃን ተደገፈ። ክርኑ ሰመጠ።

ዞሮ አየው። ነጩ ቀለም ተሰንጥቋል። ስቱኮ መፋቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ቢገፋው ስለቱ እስከ እጀታው ገባ። ከላይ ስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል እንጂ፣ ውስጡ የረጠበ ዱቄት ነው። ወደ ላይ ቢወጋው ያው፤ ወደ ጎን ቢሄድ ያው። መስኮቱን የተሸከመው እንጨት በሙሉ በስብሷል።

«ለማሙሽ መንገር አለብኝ» አለ፤ ግን ስልኩ ማዶ ሚስማር ላይ ነው። አዘነ ማለት አይቻልም። ቀለል አለው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። ማሙሽ ነው፤ ሰዓቱ ሳይደርስ መጥቷል። ከጎኑ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጎልማሳ ሴት አለች። ማሙሽ ቀና ሲል መስኮቱ ላይ አየውና እጁን አውለበለበ። ወለል ሠሪው መስኮቱን ከፍቶ «መጀመሪያ ብቻህን ናልኝ» ሊለው ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ነበር። እጁን አነሣና አውለበለበለት።

በሩ ሲከፈት ማሙሽ ሊገባ እግሩን አነሣ፣ ወለሉን አየ፣ መለሰ። ከዚያ ማዶ ጣሳ አጠገብ የቆመውን ወንድሙን አየ።

«ጋሼ! እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ትንሽ ይቀረዋል፤ ከበሩ አትለፉ።»

ነገሩ ሲገባው ማሙሽ ሳቁ አመለጠው፤ በእጁ አፈነው። ሴትየዋም ሳቀች። «ከቤቱ ጋር አብረው የሚሸጡ ናቸው?» አለች።

«ታላቅ ወንድሜ ነው» አለ ማሙሽ፣ አፉን ሞልቶ። «ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህ ወለል በሙሉ የሱ እጅ ነው። እንዲህ የሚሠራ ሌላ አታገኚም።»

ወለል ሠሪው ይህን አልጠበቀም። ሠራተኛ ነው ብሎ ቢያልፈው ይሻለው ነበር።

«መስኮቱም ያው የጥንቱ ነው» ቀጠለ ማሙሽ፤ «የመቶ ዓመት እንጨት፣ እንደ ብረት የጠነከረ።»

ሴትየዋ ግን ወደ ማዶ ነበር የምታየው። «እርስዎ ወለሉን ሲሠሩ የከረሙት ምን ይላሉ? እህትዎ ብሆን ግዢ ይሉኛል?»

ዝም ማለት ይችላል። ወለሉን ብቻ ነው የማውቀው ማለት ይችላል። እውነቱን መናገር ደግሞ ግዴታው ነው፤ ሰው ነገ ከልጁ ጋር የሚደገፈው መስኮት ነው። ይህን ሁሉ አሰበ። አፉን ሲከፍት ግን ደረቱ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ነገር ለሴትየዋ ማሰብ እንዳልሆነ ያውቃል።

«መስኮቱ በስብሷል» አለ። መፋቂያውን አንሥቶ እያዩት እስከ እጀታው ሰካው። ለቀቀው፤ እዚያው ተተክሎ ቀረ።

ሴትየዋ የተተከለውን እጀታ አየች።

«እኔ በየቀኑ የማየው ነው» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ፣ ወደ ማሙሽ ዞራ። «ሥሩን ሳያጸዱ ከላይ የሚደፍኑ አሉ። እነሱ የደፈኑት እኔ ጋ ነው የሚመጣው።»

«አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው...»

«ይሆናል። ለአለቃህ ግን እደውላለሁ።» ለወለል ሠሪው አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሊፍቱ ሲወርድ ተሰማ። የጠበቀው ደስታ መጣ፤ ሊፍቱ ምድር ሳይደርስ አለቀ።

ማሙሽ ወለሉን ረገጠ። በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው፣ ቫርኒሹ እየተጣበቀ ቿ ቿ እያለ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። መፋቂያውን ነቀለ። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ዱቄቱን አወጣና አሸው።

«መቼ አየኸው?»

«ከምሳ ሰዓት በኋላ።»

«ከታች ሆኜ ሳውለበልብልህ ታውቅ ነበር።»

ወለል ሠሪው መስኮት መስኮቱን አየ።

«አንተም አውለበለብክልኝ እኮ፣ ጋሼ።» አልጮኸም። ልጅ ሆኖ ሲመታ እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም። «ቀድመህ ብትነግረኝ እኔው እነግራት ነበር። አሁን ደባቂ ሆንኩ።»

መፋቂያውን አስረከበው፤ ዞሮ በመጣበት ሄደ። በሩን አልዘጋውም።

ወለል ሠሪው ብዙ ቆየ። የሳምንት ሥራው መሐል ለመሐል ሁለት መስመር ኮቴ ታትሞበታል፤ አንዱ መምጫ፣ አንዱ መሄጃ። ተልጎ እንደ አዲስ መቀባት አለበት፤ ማን እንደሚያሠራው ግን እንጃ። ጫማውን አወለቀ፣ ጣሳውን አነሣ። ሌላውን ላለማበላሸት እግሩን ታናሹ በረገጠበት ላይ አሳረፈ። የማሙሽ እርምጃ ከሱ ይረዝማል፤ ካንዱ ኮቴ ወደሌላው ለመድረስ ጣሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ መዝለል ነበረበት።