ሽቅብ የወጣው ብረት

ፋኢዛ በሰመራ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሳ የቁም ብየዳ ስትለማመድ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የቀለጠ ብረት እንደ ውሃ ቁልቁል መውረድ ይወዳል፤ እሷ ደግሞ ሽቅብ ልትወስደው ትታገላለች። አስተማሪዋ ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ አዋሽ ባቡር ጣቢያ በብየዳ ሥራ ያረጁ ቁጡ ሰው ናቸው። ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፈው ያዩና፣ "ይሄ ብየዳ ነው የሻማ ጠብታ? ሌላ ሥሪ!" ብለው ብረቱን ወደ ጥግ ይወረውሩታል።

ዛሬ "ቢስሚላህ" ብላ የብየዳውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ከብረቱ ታች ጫረችው። የቀለጠውን ብረት ትንሽ የእሳት ኩሬ ግራና ቀኝ እያሳረፈች፣ እንደ ሕፃን እያባበለች ወደ ላይ አወጣቻት።

ጋሼ መዶሻውን አነሱ። ገና ሳያሳርፉት ቅርፊቱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሱ ረገፈ። ከሥሩ ነፋስ አሸዋ ላይ እንደሚተወው ሞገድ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ መስመር ብልጭ አለ። ፋኢዛ የገዛ እጇን አየች፤ የሷ አልመስል አላት።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሌላ ሥሪ።"

እንባዋ መጣ። "ምኑ ጎደለ ጋሼ?"

"ምንም አልጎደለውም" አሉ ዐይናቸውን ከብረቱ ሳይነቅሉ። "አይቼ አልጠገብኩም።"