ዘመድ ያላት ሴት

መዝጋቢዋ ከሰው ፊት በፊት እግር ማየት ልማዷ ሆኗል። ፊት ይዋሻል፤ «ወድቄ ነው» ይላል፣ «በር መትቶኝ ነው» ይላል። እግር ግን አይዋሽም። አስባበት ከቤቷ የወጣች ሴት የራሷን ጫማ አድርጋ ትመጣለች፤ ያመለጠች ደግሞ እግሯ የገባበትን አድርጋ። ስለዚህ በየጠዋቱ የቢሮው በር ሲከፈት፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሴቶች በመስኮቷ አሻግራ ከታች ወደ ላይ ታያቸዋለች።

የዛሬዋ ሦስተኛ ሴት የወንድ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው። ቡናማ፣ ቆዳ፣ በጎኑ ሁለት ዘለበት ያለው፣ ለእሷ በጣም የሰፋ። መዝጋቢዋ ጫማውን አወቀችው። ወንድሟ ታሞ ከሆስፒታል የወጣ ጊዜ የገዛችለት እሷ ራሷ ነች።

ቀና ብላ ፊቷን ለማየት ድፍረት አጣችና ከፊቷ ያለችውን ሴት ማስተናገዷን ቀጠለች።

ይህ መስኮት ደግ መስኮት ነበር። ከባሏ የሸሸች ሴት እዚህ ቀርባ ጥቂት ነገር ከተናገረች በኋላ የምትወጣው፣ እስክትቋቋም የሚያቆያትን ገንዘብና የአንድ ማረፊያ ክፍል ቁልፍ ይዛ ነበር። ማረፊያው የት እንዳለ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነበር፤ መዝጋቢዋ ያላት የስልኩ ቁጥር ነው። ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ሥር በካርቶን የታጨቀ የጎማ ነጠላ ጫማ ይቀመጥ ነበር፤ በባዶ እግሯ ለመጣች። ቁልፉን ስትሰጥ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበራት፦ «የምትሄጂበትን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን። እናት አትከዳም፤ ግን ታዝናለች፣ ስታዝን ደግሞ ትናገራለች።»

ባለፈው ሳምንት ግን ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ በጀቱ መቆረጡን ነገራቸው። መቆረጥ አላለውም፤ «ለባሰባት እንዲደርስ ማድረግ» ነው ያለው። ከእንግዲህ ድጋፉ የሚሰጠው በከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ ለሌላት ሴት ብቻ ነው። ዘመድ ያላት ወደ ዘመዷ ትሂድ። «ያው የጥንቱ ተረት ነው» አለ ኃላፊው፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።» ሠራተኛው ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ ጥርስ የማያሳይ ማን አለ? መዝጋቢዋም ሳቀች። በማግስቱ መስኮት ሁለት ተዘጋ፣ ሾፌሩ ተሰናበተ፣ የጫማውም ካርቶን ንብረት ክፍል ገባ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሴቶች መልሳለች። አንደኛዋ በከተማው ያላት ዘመድ አጎቷ ብቻ ነበር። ለሸሸችው ባሏ የዳራት ደግሞ ያው አጎቷ ነው። «ይቅርታ፣ እህቴ» አለቻት መዝጋቢዋ፤ ሴትዮዋም «ምን ታደርጊ፣ ያዘዙሽን ነው» ብላ አጽናናቻት። ማጽናናቷ ከስድብ በላይ አመማት።

ነጠላ ጫማው እየተንጣጣ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«መስኮት ሁለት ልሰለፍ ነበር፣ እትዬ» አለች የወንድሟ ሚስት። «እንዳላሳፍርሽ ብዬ። ተዘግቷል አሉኝ።»

ግራ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከንፈሯ አብጧል። መዝጋቢዋ አላወቅኩም እንዳትል ታውቃለች። ባለፈው ክረምት እናቷ ቤት እሑድ ምሳ ላይ የበለዘ አንገቷን አይታለች፤ ዕቃ እያጠቡም፣ «ንዴቱ ቶሎ ይበርዳል፣ ትንሽ ቻይው» ብላታለች። ደመወዝ እየተከፈላት ሴቶችን «ዱላ አትቻሉ» እያለች የምትመክር ሴት! በሰው ቤት ነገር መዶሻ የነበረው ምላሷ እናቷ ቤት ሲገባ ጥጥ ይሆናል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ከዚያው ሆድ የወጣችው እሷ ግን የወንድሟን አይታ እንዳላየች ማለፍን መርጣ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይጠብቃል። ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። ከጠዋት ጀምሮ የለመደው አፏ ሳታስበው አወጣው።

«ከተማ ውስጥ ዘመድ አለሽ?»

የወንድሟ ሚስት በመስታወቱ አሻግራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቂም የለበትም አስተያየቷ፤ የምር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«አለኝ እንዴ፣ እትዬ?»

መዝጋቢዋ ተነሥታ ወደ ኃላፊው ክፍል ሄደች። ነገሩን ቆማ ነገረችው። እሱ ብዕሩን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ሰማት።

«ዘመዷ ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ዕድለኛ ናት» አለ። «አጎት ብቻ ካላት ሴት ትሻላለች። አንቺ ሥራውን ታውቂዋለሽ።»

«የባሏ እህት እኮ ነኝ።»

«የባል እህት ዘመድ አይደለችም ብዬ ልፈርም? ነገ ስንት የባል እህት እንደሚወጣ አስበሽዋል?»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከራሷ ኪስ ከፍላ ልታሳድራት አሰበችና ወደ ቀድሞው ማረፊያ ደወለች። ባለቤቱ አክብሮ አናገራት፤ ውል ካቆማችሁ በኋላ ክፍሎቹን በሙሉ ለሠርገኞች አከራይቻለሁ አላት። ሌላ ሆቴልም ትዝ ብሏት ነበር። ግን አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያስ? እሷና እናቷ በሚኖሩበት ቤት የኋላው ክፍል ባዶ አልጋ አለ። ወንድሟ ከእሑድ በቀር አይመጣም። ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው። እናቷ ዘንድ ደወለች።

«እማዬ፣ የኋላውን አልጋ አንጥፊልኝ። እንግዳ ይዤ እመጣለሁ።»

«የማን እንግዳ?»

«የኔ ናት። ስትመጣ ታያታለሽ።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«እሺ ልጄ» አለች እናቷ፣ «እራት ጨመር አደርጋለሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ያቺ እናት አገሩንና ሥራውን፣ አባቱንና እናቱን ሳትጠይቅ እንግዳ አትቀበልም። መዝጋቢዋ ግን ቀልቧ ሌላ ዘንድ ነበረና ጥያቄው ማነሱን ልብ አላለችም። እንዲያውም ቀለል አላት።

የወንድሟ ሚስት ቢሮው እስኪዘጋ አግዳሚው ላይ ቆየች። መዝጋቢዋ ሌሎቹን ሴቶች ዘመድ አለሽ ወይ እያለች ስትጠይቅና ባዶ እጃቸውን ስትመልስ አንድ በአንድ ሰማች። አንዷ እያለቀሰች ስትወጣ ቦታ ለቃ አስቀመጠቻት፣ በደህና እጇም ጀርባዋን ደባበሰችው።

ሲመሽ አብረው በእግራቸው ወጡ። ነጠላ ጫማው በየእርምጃው ይንጣጣል፤ መንገደኛው ዞር እያለ ያያል።

«ልትቀይሪው የሚሆን ጫማ ነበረኝ» አለች መዝጋቢዋ። «ወሰዱት።»

«ግድ የለም። ሲነጋ ሱቅ ሲከፈት እገዛለሁ።» ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «እማማ ምን ይሉኝ ይሆን?»

«ምን ይሉሻል!»

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይሉኛላ» አለች፤ ያበጠው ከንፈሯ ፈገግታውን አላስጨረሳትም። «ይበሉኝ። ዛሬን ብቻ ሳልደነግጥ ልተኛ። ነገ የሚሉኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«ትተኛለሽ» አለች መዝጋቢዋ። «ቁልፉ ከውስጥ ነው።»

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። የሳሎኑ መብራት በርቷል፣ የምግብ ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል። መዝጋቢዋ ቀድማ ወደ ደጃፉ ደረሰችና እንደ ልማዷ ወደ ታች አየች። ከደረጃው ላይ የተወለወለ ጥቁር የወንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

እናቷ ኮቴዋን ሰምታ በሩን ከፈት አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ደስ ብሏታል።

«ግቡ እንጂ» አለች በሹክሹክታ። «ከድምፅሽ እኮ ነው እሷ መሆኗን ያወቅኩት። እኔ ልጆቼን አላውቅም? ወንድምሽን ጠራሁት። ከመጣ ጀምሮ እያለቀሰ ነው፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ እያለ ነው። ራት ቀርቧል፣ ይታረቃሉ።»

መዝጋቢዋ ለስንቷ ሴት የነገረችውን ነገር ለአንዷ ሳትሠራበት ቀረች። ለእናትሽም ቢሆን።

ዞር ስትል የወንድሟ ሚስት ከኋላዋ ቆማ ጥቁሩን ጫማ እያየች ነው። ደረጃውን ተደግፋ ነጠላ ጫማውን አወለቀች። ጎንበስ ብላ በደህና እጇ ከጥቁሩ ጫማ ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው።

«የሱ ነው፣ እትዬ። ስጪልኝ።»

ከዚያ ተመልሳ በግቢው በር ወጣች። መዝጋቢዋ ልትከተላት ስትል እናቷ ክንዷን ያዘች፤ «ተያት፣ እሱ ይጥራት፣ ባሏ ነው» አለቻት። የእናቷ እጅ ያን ያህል ጠንካራ አልነበረም። ቢሆንም መዝጋቢዋ ቆመች፤ ለምን እንደቆመች ኋላም አልገባትም። መንገዱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄዳል። ጆሮዋን አቆመች፤ ባዶ እግር ድምፅ የለውም።

ወንድሟ በካልሲው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ያየው ደረጃውን ነበር።

«ይኸው ጫማዬ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ስፈልገው።» ቀና ብሎ ግቢውን አየ፣ ከዚያ እህቱን። «በየት ሄደች?»

«አላውቅም» አለች መዝጋቢዋ። እውነቷን ነበር።