ከሰውነት የራቀ ሜትር

ደግሞ ማን ናት የንጉሥ ልጅ ሊያገባት ሲመጣ ፈተና አለብኝ ቆይ ብላ የምትመልሰው፣ የኔዋ ጉድ የጻፈቻት ልጅ ናት እንጂ፣ እኔ የማውቀው ተረት ላይ ልጅቷ በወንፊት ውኃ ቅጂ ተብላ ወንዝ ትላካለች፣ ታለቅሳለች፣ የንጉሡ ልጅ ያገኛታል፣ ይጋባሉ፣ የእንጀራ እናቷን ጅብ ይበላታል፣ አለቀ። ይህችኛዋ ግን ወንፊቱን በጭቃ ትመርገዋለች፣ ውኃውን ሞልታ ትመለሳለች፣ ከዚያ ቤቱን ጥላ ትሄዳለች፣ ለዘመኑ ወጣት እንዲሆን ነው እትዬ ብላኛለች ጸሐፊዋ፣ ይሁን፣ እኔ ወጣት አይደለሁም፣ ግን ወንፊቱ ጋ ስደርስ አጨብጭቤ ነበር፣ ብቻዬን፣ እንደ ሞኝ።

አሁን ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ሆና ጥፍሯን ትበላለች፣ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል መጽሐፏ፣ ትንሽ ቀረኝ ብዬ ዋሽቻታለሁ፣ ጨርሼዋለሁ፣ ጨርሼ ወደ ኋላ ተመልሼ አንዷ ገጽ ላይ ተቸንክሬያለሁ፣ እግሬ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነው፣ አይረግጥም። ሱሪዬ ደረሰ ወይ ይላል አንዱ በበሩ ብቅ ብሎ፣ ነገ እላለሁ፣ የልብስ ሰፊ ነገ መቼም አያልቅም ይላል፣ እየሳቀ ይሄዳል፣ እሷም ትስቃለች፣ ስትስቅ ቁርጥ አባቷን፣ ነፍሱን ይማረውና።

ያቺን የእንጀራ እናት ጠልቻት ነበር እኮ። ከልቤ። ገጹን እየገለጥኩ አይ አንቺ ክፉ፣ እጅሽን ይቁረጠው እያልኩ፣ ከልጅቷ ጋር ወግኜ፣ ጅቡ የት ቀረ እያልኩ፣ ከዚያ ሴትየዋ ቀሚስ ልትሰፋላት ሜትር አነሳች። ሜትሩን ከሰውነቴ አርቃ ትይዘው ነበር፣ የምትለካው እኔን ሳይሆን በዙሪያዬ ያለውን አየር ነበር፣ ልብሶቼ ሁሉ የሌላ ልጅ ይመስል ይንዘረፈፉብኝ ነበር። እንዲህ ይላል ወረቀቱ። ይቁረጠው ያልኩት እጅ የኔ እጅ ነው።

ምን ልበላት፣ አባቷ ይዟት ሲመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም፣ የመጀመሪያዋን ቀሚስ ልሰፋላት ትከሻዋን ስይዝ እንደ እንጨት ደረቀች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ እጄን እስካነሳ አልተነፈሰችም፣ የእናቷ እጅ ገና ከላይዋ አልለቀቀም የባዳ እጅ ምን ይሠራል ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ ሜትሩን አርቄ፣ የቀረውን በዓይን ገምቼ፣ እንዳይጠብባት ጨመር አድርጌ ስቆርጥ ኖርኩ፣ ለማንም ያልሠራሁትን አሠራር። ልብስ ሰፊ ሆና የቤቷን ልጅ ቀሚስ ታበላሻለች እያለ ጎረቤት ሲያማኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ። አንድ ቀን ራሷ ጠጋ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ከዚያ ትልቅ ሆነች፣ ልብስ ከሱቅ መግዛት ጀመረች።

ልንገራት? አንቺ ነሽ እንጨት የሆንሽው ልበላት? የሰባት ዓመት ልጅ ልከስ? ደግሞስ አልዋሸችም፣ ሜትሩ ርቆ ነበር፣ አየሩን ነበር የለካሁት፣ እኔ ከሜትሩ ወዲህ እሷ ከሜትሩ ወዲያ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወይ ነዶ። የሚያናድደው ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ እንደዚያች ገጽ ያማረ የለም፣ ጫካው ጥሩ ነው፣ ወንዙ ትንሽ ይረዝማል፣ ያቺ ገጽ ግን ስፌቷ አይታይም።

እትዬ፣ ጨረስሽ? ጨረስኩ። እና? ጎበዝ ነሽ፣ በጣም ጎበዝ ነሽ፣ ወንፊቱ ላይ አጨበጨብኩልሽ። ትስቃለች፣ ከዚያ ሳቋን ታቆማለች፣ ሜትር የያዘችበትን ቦታ አየሽው? አየሁት። ላወጣው አስቤ ነበር፣ ማለት፣ ቅር የሚልሽ ከሆነ፣ ተረት ነው እኮ እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም።

አሁን ነው፣ አፌ ውስጥ ነው ያለው፣ ትከሻሽን ስይዝሽ ትንፋሽሽን ያዝሽ እኮ፣ በቃ ይኸው ነው፣ ብናገረው ገጿን ታወጣዋለች፣ ለኔ ብላ፣ አዝና፣ በልጅነቷ የተሰማትን ልክ አልነበርሽም ብዬ ልነጥቃት ነው፣ በምትኩ ምን ልሰጣት። አታውጪው፣ እላለሁ። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

እውነት? እውነት። ለምን አርቀሽ ያዝሽው ትለኛለች ብዬ እጠብቃለሁ፣ ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ፣ ብትጠይቀኝ ብቻ፣ አትጠይቅም፣ ፊቷ ፈክቶ ስልኳን ታወጣለች፣ ለአሳታሚው ትደውላለች፣ እንዳለ ይግባ፣ ምንም አይቀነስ፣ እናቴ አንብባ ወዳዋለች።

እናቴ። በፊቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፣ ለሰው ማስረዳቱ ስለሚረዝም ይሁን፣ ከአፏ አምልጧት ይሁን፣ ወይስ እኔ በሌለሁበት ሁሌም እንዲህ ነው የምትለኝ፣ ወረቀቱን አስተካክላለሁ፣ አስቀድሞ የተስተካከለውን ወረቀት፣ አሳታሚው ከወዲያ የሆነ ነገር ይጠይቃታል፣ ድምፁ አይሰማኝም፣ እሷ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ አዎ ትለዋለች፣ እሷው ናት፣ ባለ ሜትሯ።